ፊኛ ሲያም ረጅም መንገድ እንዴት ይኬዳል?

ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በመኪና ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። እኔ ፊኛዬን ስለሚያመኝ መንገዱን የምቆጥረው በማረፊያ ነው፤ ፍቼ፣ ጎሃ ጽዮን፣ ደጀን፣ ደብረ ማርቆስ እያልኩ።

የጤነኛ አዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ ሽንት ይይዛል። የእኔ ዓይነቱ፣ ማለትም ኢንፌክሽን ሳይኖርበት የሚያመው ፊኛ ግን ትንሽ ሲጠራቀምበት ይቆጣል፤ ከሸኑ በኋላ ለጊዜው ቀለል ይላል።

ብዙ ሰው መኪና ሊሳፈር ሲል ውሃ መጠጣት ይተዋል። ይህ ነገሩን ያብሰዋል። ውሃ ሲያንስ ሽንት ይወፍራል፤ የወፈረ ሽንት ደግሞ የታመመ ፊኛን ይለበልባል። ስለዚህ ጉንጭ ጉንጭ እያልኩ እጠጣለሁ። ቡና፣ ሻይና ለስላሳ ከዋዜማው ጀምሮ አልነካም (የቡናው ነገር ከሕመሙ አይተናነስም!)።

የዓባይ በረሃ ቁልቁለትና ዳገት ላይ መኪና እንደፈለጉ አይቆምም። በመሆኑም ሽንቴ ባይመጣም ጎሃ ጽዮን ላይ ወርጄ እሸናለሁ። ለረዳቱም ገና ስሳፈር «ወንድሜ፣ ፊኛ ያመኛል፤ ስጠራህ አስቁምልኝ» እለዋለሁ። እስካሁን እምቢ ያለኝ ረዳት የለም፤ የሚያጉረመርሙት ተሳፋሪዎች ናቸው። የኋላ ጎማ ላይ ያለው ወንበር ስለሚያንገጫግጭ መሀል እቀመጣለሁ፤ ቀበቶዬንም አላላለሁ።

ሲሸኑ ማቃጠል፣ ትኩሳት፣ የጎን ውጋት ወይም ደም ካለ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ከጉዞ በፊት መመርመር ያስፈልጋል። ከዶርም ጓደኛ የተረፈ አንቲባዮቲክ መዋጥ ኢንፌክሽን ለሌለበት ፊኛ ምንም አይፈይድም፤ ላለበትም ቢሆን መድኃኒቱን የሚመርጠው ሐኪም ነው።