ከ«ግምት» ወደ «ግመታ»፤ በንብረት ዋጋ ሙያ ቃላት ላይ የቀረበ ማብራሪያ

በፍርድ ቤት ውሳኔ፣ በባንክ የብድር ሰነድና በካሣ ክፍያ መዝገብ ውስጥ «ግምት» የተባለው ቃል ደጋግሞ ይገኛል። ቃሉ ብዙ ትርጉም የሚሸከም በመሆኑ ግን ተርጓሚውን ያስቸግራል። «በግምት ሃያ ሰው ነበረ» ስንል ሳይቈጥሩ መናገርን እናመለክታለን፤ «የቤቱ ግምት» ስንል ደግሞ ባለሙያ ለክቶ፣ አስልቶና በፊርማው አረጋግጦ ያቀረበውን አኀዝ ማለታችን ነው። ስለዚህም ከሙያው ውጭ ያለ ሰው «ግምት እኮ ነው» ብሎ የባለሙያውን ሥራ ቢያቃልል ጥፋቱ የእርሱ ብቻ አይደለም፤ ቋንቋውም አላገዘውም።

የሆነ ሆኖ ቃሉን ጥሎ ሌላ መፈለግ አይገባም እንላለን። የጎረቤት ከብት ገብቶ ያጠፋውን አዝመራ ሽማግሎች ማሳው ድረስ ሄደው ሲገምቱ ኖረዋል። እነዚያ ገማቾች ሁለቱም ወገኖች የተስማሙባቸው፣ ጉዳቱን በዐይናቸው ያዩ፣ ለሰጡትም ቃል የሚጠየቁ ሰዎች ነበሩ። የዛሬዎቹ ዓለም አቀፍ የግመታ ደረጃዎች ከባለሙያው የሚሹት ገለልተኛነት፣ ምርመራና ተጠያቂነት ከዚህ የራቀ አይደለም። የሚያስፈልገው ሥራውን ከውጤቱ መለየት ነው። ፈለገ ብሎ ፍለጋ፣ ፈተሸ ብሎ ፍተሻ፣ ጠገነ ብሎ ጥገና እንደሚባል ሁሉ፣ ገመተ ብሎ «ግመታ» ማለት ይቻላል። ግሦቹ ሁሉ መካከለኛ ፊደላቸው የሚጠብቅ ስለሆነ እርባታው ለጆሮ እንግዳ አይሆንም፤ በሙያው ሰዎች ዘንድም ቃሉ ተለምዷል። እንግዲህ ግመታ ሥራው፣ ግምት የሥራው ውጤት ይሁን።

«ተመን» የሚለውን በዚህ ቦታ የሚያስገቡ አሉ። እኛ አንስማማም። ተመን ሥልጣን ያለው አካል ቈርጦ የሚያወጣው ነው፤ የምንዛሪ ተመን፣ የታሪፍ ተመን እንላለንና። ግምት ግን በማስረጃ የተደገፈ አስተያየት ስለሆነ በሌላ ማስረጃ ሊሞገት ይችላል። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳልሆነ የ2009 ዓ.ም. ክረምት አሳይቷል። በዚያ ጊዜ ለግብር አወሳሰን የተሠራው «የቀን ገቢ ግምት» ብዙ አነስተኛ ነጋዴዎችን አስቈጥቶ፣ በየከተማው ቅሬታና ተቃውሞ አስነሥቶ ነበር። ወረቀቱ «ግምት» ይላል፤ ብዙው ነጋዴ ግን የተቀበለው እንደ ተመን ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው «ዋጋ» ነው። የግመታ ደረጃዎች ሦስት ነገሮችን አጥብቀው ይለያሉ፦ ገዢ በርግጥ የከፈለውን፣ ንብረቱን ለመሥራት ወይም ለማግኘት የወጣውን፣ ባለሙያውም በአንድ በተወሰነ ቀን ንብረቱ ይህን ያህል ያወጣል ብሎ የሚሰጠውን አስተያየት። የመጀመሪያው የተፈጸመ ድርጊት ነው፤ ሦስተኛው ግን ፍርድ ነው። አማርኛችን ሦስቱንም «ዋጋ» ይላቸዋል። እንበልና አንድ ቤት በ3 ሚሊዮን ብር ተሠርቶ፣ ባለሙያ 4 ሚሊዮን ገምቶት፣ በ5 ሚሊዮን ቢሸጥ፣ «የቤቱ ዋጋ ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ ሦስት መልስ አለ፤ ሦስቱም እውነት ናቸው።

ለሁለተኛው «ወጪ» የሚለው ይበቃል። ለሦስተኛው «እሴት» ተሰንዝሯል። በግዕዝ ዕሤት ብድራት፣ የድካም ዋጋ ማለት ነበረ፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው የተጨማሪ እሴት ታክስ አዋጅ ቃሉን ወደ ሱቅ ደረሰኝ አውርዶታል። ይሁን እንጂ «የገበያ ዋጋ» ሥር የሰደደ ስለሆነ በ«የገበያ እሴት» ለመተካት መድከም ከንቱ ይመስለናል። የምንመክረው፣ ሦስቱ ፅንሰ ሐሳቦች ባንድ ዐረፍተ ነገር ሲገናኙ ብቻ «ዋጋ»፣ «ወጪ» እና «እሴት» ተለይተው እንዲቆሙ ነው።

ስለ ግመታ ዘዴዎች ብዙ አንልም። የገበያ ንጽጽር፣ የገቢና የወጪ ዘዴ የሚሉት ሦስቱ ስሞች ግልጽ ናቸው። ጭንቁ ከውስጣቸው ነው። ለሕዝብ ጥቅም መሬት ስለሚለቀቅበትና ካሣ ስለሚከፈልበት የወጣው አዋጅ ቁጥር 455/1997 ካሣው ንብረቱን ለመተካት የሚያስችል እንዲሆን ያዝዝ ነበር። ግን መተካት ምንድን ነው? አርባ ዓመት የኖረ የጭቃ ቤት ቢፈርስ፣ ያንኑ ቤት በዚያው እንጨትና ጭቃ ዳግመኛ ለመሥራት የሚያስፈልገው ወጪ አንድ ነገር ነው፤ ያንኑ አገልግሎት የሚሰጥ ቤት በዛሬ ዕቃና ሙያ ለመሥራት የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ፊተኛውን «የዳግም ሥራ ወጪ»፣ ሁለተኛውን «የመተኪያ ወጪ» ብንል ይለያያሉ። ከሁለቱም ላይ የእርጅና ቅናሽ ከተነሣ ደግሞ በእጅ የሚገባው ገንዘብ ቤቱን አይተካም። ተርጓሚው አንዷን ቃል ለሁለቱም ቢሰጥ፣ ልዩነቱን የሚከፍለው ቤቱ የፈረሰበት ሰው ነው።

ለገጠር ባለይዞታ የሚከፈለው የመፈናቀያ ካሣም ከገቢ ዘዴ ጋር ይዛመዳል። በ1997ቱ አዋጅ መሬቱን ለዘለቄታው የሚለቅ ሰው ካለፉት አምስት ዓመታት የዓመት ገቢው አማካይ ዐሥር እጥፍ ይከፈለው ነበር፤ አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ይህን ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛው ዐሥራ አምስት እጥፍ አደረገው። የሙያው ሰዎች ነገሩን ገልብጠው በመቶኛ ይናገራሉ፤ ዐሥር እጥፍ በ10 በመቶ፣ ዐሥራ አምስት እጥፍ በ6.7 በመቶ ገደማ ከማካፈል ጋር እኩል ነው። ይህን መቶኛ «የቅናሽ መጠን» ብሎ መተርጐም አሳሳች ነው፤ አንባቢው ነጋዴ ለደንበኛው የሚቀንስለትን ያስባል። «የገቢ ማካፈያ ምጣኔ» ቢረዝምም አያስትም።

የገበያ ዋጋን በሚወስነው ዓለም አቀፍ ብያኔ ውስጥ፣ ገዢና ሻጭ በመካከላቸው የተለየ ግንኙነት የሌላቸው መሆናቸውን የሚገልጽ የእንግሊዝኛ ፈሊጥ አለ። ቃል በቃል «በክንድ ርቀት» ተብሎ ሲተረጐም አይተን ተገርመናል። አማርኛ ግን ከጥንትም «የዘመድ ዋጋ» የሚል አነጋገር አለው፤ የብያኔው አሳብ የዚሁ ተቃራኒ ነው። «ዝምድናም ሆነ የጥቅም ትስስር በሌላቸው ወገኖች መካከል» ብንል ገበሬውም ዳኛውም ይረዳዋል። በሐራጅ የተሸጠ ቤትም የዚህ ብያኔ ምሳሌ ሊሆን አይችልም፤ ሻጩ ተገዷልና።

የንግድ ድርጅት ግመታ ሌላ ችግር አለው። የ1952ቱ የንግድ ሕግ «የንግድ መደብር» ያለው ግዙፍነት የሌለውን ተንቀሳቃሽ ሀብት ነበር፤ የንግድ ስሙን፣ የኪራይ መብቱንና ከሁሉ በላይ ደንበኛን የሚስበውን መልካም ዝና ያጠቃልላል። ተራው አንባቢ ግን መደብር ሲባል መደርደሪያና ዕቃ ይታየዋል። ስለዚህ በግመታ ጽሑፍ ቃሉ ከነብያኔው መግባት አለበት። «መልካም ዝና»ን «በጎ ፈቃድ» የሚሉት ሰዎች ከምንጩ ቋንቋ ፊደሉን እንጂ አሳቡን አልወሰዱም፤ በጎ ፈቃድ ያለው ሰው በነጻ የሚያገለግል ነው፣ መልካም ዝና ግን ይሸጣል።

የመጨረሻው ቃል «ፍትሐዊ ዋጋ» ነው። በሒሳብ አያያዝ ደረጃዎች «ፌር ቫሊዩ» የተባለው በሥርዐት በሚካሄድ ገበያ የሚገኘውን ዋጋ እንጂ ሁለት ሰዎችን የሚያስታርቀውን አይደለም። በግመታ ደረጃዎች ግን የታወቁ ሁለት ወገኖች፣ ለምሳሌ የሚለያዩ ሸሪኮች፣ የየራሳቸው ጥቅምና ጉዳት ተመዝኖ የሚገመትላቸው ሌላ መሠረት አለ። «ፍትሐዊ»ን ለሒሳብ ሰዎቹ ከሰጠን ለሸሪኮቹ የሚቀር ቃል ያጥረናል። ሕጋችን ርትዕን ከፍትሕ ለይቶ ስለሚያውቅ፣ ለሸሪኮቹ «ርትዓዊ ዋጋ»፣ ለሒሳቡ «ተገቢ ዋጋ» እንዲባል እናቀርባለን።