ቁጥሩ ሲለወጥ ድምፁ እንዳይለወጥ

ከጎንደር ከተማ ተነሥቶ በትክል ድንጋይ በኩል ወደ ቆላው የወረደ መንገደኛ የታች አርማጭሆ ወረዳ መቀመጫ ከሆነችው ከሳንጃ ይደርሳል። አርማጭሆ በፉከራው፣ በሽለላውና በቀረርቶው የታወቀ አገር ነው። ዛሬ በሠርግ ላይ ሽማግሌው ሲያቅራራ የወጣቱ እጅ ወደ ስልኩ ይሄዳል፤ ድምፁም ወዲያው ይቀረጻል። ይህ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን የተቀረጸው ወደ ሬዲዮ፣ ወደ ፊልም ወይም ወደ መዝገብ ሲዛወር በመካከሉ አንድ ስሌት ይፈጸማል፤ የስሌቱ መንገድ በደንብ ካልተመረጠም የሽማግሌው ድምፅ ይበላሻል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዲጂታል መቅረጫ ድምፅን በየሴኮንዱ ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ በቁጥር ይጽፈዋል። እያንዳንዱ ልክ ናሙና ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1982 ለገበያ የቀረበው ሲዲ በሴኮንድ 44,100 ናሙና ይይዛል፤ በቪዲዮ የተለመደው 48,000 ነው፤ ለንግግር ብቻ ከሆነ 16,000 ወይም 8,000 ይበቃል። አንዱን ወደ ሌላው መለወጥ ግድ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በ44,100 የተቀረጸ ቀረርቶ ሳይለወጥ እንደ 48,000 ተቆጥሮ ቢጫወት፣ 10 ደቂቃ የነበረው በ9 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ያልቃል፤ ጎርናናው የሽማግሌ ድምፅም ይቀጥናል። እንዲህ እንዳይሆን በየ147ቱ ናሙና ፋንታ 160 አዳዲስ ናሙና ተሰልቶ መጻፍ አለበት። ለዚህም ሦስት ዋና ዋና መንገዶች አሉ።

አንደኛው፣ አዲስ ናሙና በተፈለገ ቁጥር በአጠገቡ ያለውን አሮጌ ናሙና እንዳለ መውሰድ ነው። ይህ እጅግ ፈጣን ነው፤ ድምፁን ግን ያሻክረዋል። ሁለተኛው፣ በሁለት ናሙናዎች መካከል ቀጥ ያለ መሥመር አስምሮ በመሥመሩ ላይ ያለውን ቁጥር መውሰድ ነው። ከፊተኛው ይሻላል፤ ነገር ግን ድምፅ በሞገድ እንጂ በቀጥታ መሥመር ስለማይሄድ የማሲንቆው ቀጭን ቃና ይደበዝዛል፤ ያልነበረ ድምፅም ይጨመርበታል። ሦስተኛው፣ በግራና በቀኝ ያሉትን ብዙ ናሙናዎች እያመዛዘኑ በማጣሪያ ማስላት ነው። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ ውጤቱ ግን ለእውነተኛው ድምፅ እጅግ የቀረበ ነው።

የዚህ ሁሉ መሠረት ሃሪ ናይክዊስት እ.ኤ.አ. በ1928 ያመለከተው፣ ክሎድ ሻነንም በ1949 ያስረዳው ሕግ ነው። ይኸውም የናሙናው ብዛት ድምፁ ካለው ከፍተኛ ንዝረት ከሁለት እጥፍ መብለጥ አለበት የሚል ነው። እንግዲህ በዋሽንት ትንፋሽ ውስጥ በሴኮንድ 10,000 ጊዜ የሚነዝር ክፍል አለ እንበል። ቀረጻው ከ48,000 ወደ 16,000 ሲወርድ ከ8,000 ንዝረት በላይ ያለውን ሊይዝ አይችልም። ትርፉ አስቀድሞ በማጣሪያ ካልተወገደ 10,000ው ታጥፎ 6,000 ሆኖ ይሰማል። ይህ ዋሽንት ነፊው ያልነፋው ድምፅ ነው፤ አንድ ጊዜ ከገባም ከእውነተኛው ለይቶ ማውጣት እጅግ አስቸጋሪ ነው። ወደ 16,000 የወረደውን መልሶ ወደ 48,000 ማውጣትም የጠፋውን አይመልስም።

ታዲያ የትኛው ይመረጥ? በቀጥታ ለሚደረግ ንግግር መዘግየት ስለሚያስቸግር ፈጠን ያለው ስሌት ይበቃል። ለመዝገብ ለሚቀመጥ ቅርስ ግን ሦስተኛው ይመረጣል። ያለ ዋጋ የሚገኘው ኦዳሲቲ የተባለው ፕሮግራም እንኳ ከፈጣኑ እስከ ምርጡ ደረጃ ያስመርጣል፤ በዛሬ ኮምፒዩተር የጊዜው ልዩነት ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

በባህል ጽሕፈት ቤቶች ለሚሠሩ ወጣቶች የምናሳስበው ዋናው ነገር ግን የመጀመሪያው ቀረጻ ሳይነካ እንዲቀመጥ ነው። ቅጂ በተፈለገ ቁጥር ከቅጂ ሳይሆን ከመጀመሪያው ይሠራ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በጀርመን አገር በሸክላ ያስቀረጹትን ዛሬ የምንሰማው ሸክላው ተጠብቆ በመቆየቱ ነው። የሳንጃው ሽማግሌ ቀረርቶም ለልጅ ልጆቹ የሚደርሰው ዛሬ በስልክ የያዝነው ቀረጻ እንዲሁ ሲጠበቅ ነው። ኮምፒዩተሩ ቢዘገይ ጥቂት ይጠበቃል፤ ሽማግሌው ግን ካለፉ በኋላ ዳግመኛ አያቅራሩልንም።