የደልጊ ቀፎና የዓለም የንብ ጉባኤ

እ.ኤ.አ. በ2025 ኮፐንሃገን ላይ የተሰበሰበው 49ኛው የዓለም ንብ አናቢዎች ጉባኤ ማር አላወዳደረም። በቀደሙት ጉባኤዎች ዳኞች ከየአገሩ የመጣውን ማር ቀምሰውና መርምረው ይሸልሙ ነበር። አዘጋጆቹ ውድድሩን የተዉበትን ምክንያት አልሸሸጉም፤ የሚቀርበው ማር ንጹሕ ይሁን ሽሮፕ የገባበት አጥርቶ መለየት አቅቶናል አሉ። ከገበያ ማር ገዝቶ ስኳር ይሆን ብሎ የተጠራጠረ ኢትዮጵያዊ በዚህ አይደነቅም። ደንቆት ከሆነም፣ ችግሩ የእኛ ብቻ አለመሆኑ ነው።

ጉባኤውን የሚጠራው አፒሞንዲያ ነው፤ የንብ አናቢዎች ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን፣ ጽሕፈት ቤቱ ሮም። ታሪኩ እስከ 1895 እ.ኤ.አ. ወደ ኋላ ይሄዳል፤ አሁን የሚጠራበትን ስም የያዘው ግን በ1949 ነው። ስብሰባው በመደበኛው በየሁለት ዓመቱ ከአገር አገር ይዞራል። ተመራማሪው ጥናቱን ያነብባል፣ ፋብሪካው ማጨሻና ማር መጭመቂያ ይሸጣል፣ አናቢው ከአናቢ ጋር ይከራከራል። እ.ኤ.አ. በ2001 ደርባን ላይ ተካሂዶ ነበር። አፍሪካም የራሷ መገናኛ አላት፤ ኤፒኤክስፖ አፍሪካ የሚባለው አውደ ርእይ በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ተዘጋጅቷል።

እንዲህ ባለው ጉባኤ ስለ ቅርስ ብዙ ይነገራል። ቅርሱ በሥራ ላይ እንዳለ ማየት የሚፈልግ ሰው ግን ጣና ዳር ቢመጣ ይሻለዋል፤ ለምሳሌ ደልጊ።

ደልጊ በጣቁሳ ወረዳ፣ በሐይቁ ሰሜን ምዕራብ ዳርቻ ያለች ወደብ ናት፤ በባሕር ዳርና በጎርጎራ መካከል የሚመላለሰው መርከብ ከሚቆምባቸው ቦታዎች አንዷ። በዚህ በጣና ዙሪያ አገር ክረምቱ ሲወጣ አደይ አበባና መጭ ሜዳውን ቢጫ ያደርጉታል፣ ኑጉም ይከተላል። ንቡ ይህን ሁሉ ሲቀስም ይሰነብትና ጥቅምትና ኅዳር ላይ ማር ይቆረጣል፤ ቢጫ፣ ቶሎ የሚረጋ ማር። ብሳናና ባሕር ዛፍ በሚያብቡበት ጊዜ ደግሞ ሌላ፣ አነስ ያለ ቆረጣ ይኖራል።

ባህላዊው ቀፎ ከቀርከሃ፣ ከሸምበቆ ወይም ከሐረግ ይሠራል፤ ድብልብል ነው፣ ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል። በእበትና በጭቃ ይለሰናል። ሲደርቅ ሽታው ንብ እንዲስብ በወይራ ወይም በሌላ መዓዛ ባለው እንጨት ይታጠናል። ከዚያ ዛፍ ላይ ይሰቀልና መንጋ እስኪገባበት ይጠበቃል። ንብ የያዘው ቀፎ ወደ ቤት መጥቶ ከጣሪያ ክፈፍ ሥር ይጋደማል። መጋደሙ ከንቦቹ ጠባይ ጋር ይስማማል፤ አውራዋ እንቁላሏን የምትጥለው በፊት በኩል፣ ወደ መግቢያው ተጠግታ ሲሆን፣ ማሩ የሚከማቸው ወደ ኋላ ነው። ስለዚህ ቆራጩ አመሻሹ ላይ ኩበት አጭሶ የኋላውን ክዳን ይከፍታል፣ ንቦቹን በጭስ ወደ ፊት ይገፋቸዋል፣ የማር እንጀራውን ይቆርጣል። ጎበዝ አናቢ እጭ ያለበት ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ የቸኮለው ሁሉንም ጠርጎ ያወጣና መንጋው ጥሎት ይሄዳል።

ግብፅ ውስጥ በንጉሥ ኒዩሴሬ የፀሐይ ቤተ መቅደስ፣ ከ4,400 ዓመት ገደማ በፊት የተቀረጸ ምስል አለ፤ አሁን በርሊን ነው የሚገኘው። የተጋደሙ ድብልብል ቀፎዎች ይታዩበታል፣ ከፊታቸውም የተንበረከከ ሰው። ማን ከማን ተማረ የሚለውን ለታሪክ ሊቃውንት እንተወው። የደልጊ አናቢ ምስሉን ቢያይ ግን አስተርጓሚ የሚያስፈልገው አይመስለኝም።

የግብርና ባለሙያ ስለ ባህላዊው ቀፎ የሚለው የታወቀ ነው፦ ምርቱ አነስተኛ ነው። እውነቱን ነው። ከባህላዊው 5 እስከ 8 ኪሎ ሲገኝ፣ በሚገባ የተያዘ ባለ ፍሬም ቀፎ 15 እስከ 20 ኪሎ ይሰጣል። ሆኖም በፍሬሙ ቀፎ ማሩ ተጨምቆ እንጀራው ለንቦቹ ይመለሳል፣ ሰሙም በዚያው ይቀራል። ከባህላዊው ግን ማሩ ከነሰሙ ይወጣል። ጠጅ ጣዩ ሰፈፉን አንጥሮ ሰም ይሸጣል፤ ኢትዮጵያም ሰም ወደ ውጭ ከሚልኩ ቀዳሚ አገሮች አንዷ ሆናለች። ለቤተ ክርስቲያን ጧፍ የሚሆነው፣ መስቀል ቀራጩም ነሐስ ከማፍሰሱ በፊት ቅርጹን የሚያወጣበት ይኸው ሰም ነው። ኪሎ ብቻ የሚቆጥር ሰው ይህን ሁሉ ከሒሳቡ ያወጣዋል። ደግሞም ከነእንጀራው የተሸጠ ማር ውስጥ ሽሮፕ መቀላቀል ከባድ ነው፤ ኮፐንሃገንን ያስቸገረው ነገር እዚህ ግማሽ መልስ አለው።

ቀፎው ይቀየር አይቀየር ከሚለው ክርክር ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ ፀረ አረሙ ነው። መጭ ለገበሬው አረም፣ ለንቡ ቀለብ ነው። ማሳው በኬሚካል ሲጸዳ አበባው ይጠፋል፤ አበባ ላይ እያለ ከተረጨ ደግሞ ቀሳሚዎቹ ንቦች ሳይመለሱ ይቀራሉ። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዝግቦታል። ንቡ የሚኖረው ግን በእርሻው መካከል ስለሆነ፣ መዝገቡ ከርጭት አያስጥለውም።

ዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች ዝርዝርም አለው። ፖላንድና ቤላሩስ የዛፍ ላይ ንብ ማነብ ባህላቸውን በ2020፣ ስሎቬኒያ ንብ ማነቧን በ2022 አስመዝግበዋል። ግንቦት 12 ቀን የሚከበረውን የዓለም የንብ ቀን ለተባበሩት መንግሥታት ያቀረበችውም ስሎቬኒያ ናት። እኛ መስቀልን፣ ጥምቀትን፣ ፊቼ ጫምባላላን፣ የገዳ ሥርዓትን፣ ሹዋሊድንና የመሳሰሉትን አስመዝግበናል። ቀፎ ግን የለበትም። ከአፍሪካ በማር ምርት ቀዳሚ ነን እያልን ሙያውን እስከ ዛሬ በስሙ አለማስመዝገባችን ለእኔ ስንፍና ነው።

ቀጣዩ፣ 50ኛው የአፒሞንዲያ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2027 ዱባይ ላይ ነው፤ ከአዲስ አበባ አራት ሰዓት ገደማ በረራ። የማር ኅብረት ሥራ ማኅበራት፣ የአንዳሳና የሆለታ ምርምር ማዕከላት ተመራማሪዎች፣ የቅርስ ባለሥልጣንም ከወዲሁ ይምከሩበት። በሄዱ ጊዜም ባለሙያና ፖስተር ብቻ ይዘው እንዳይሄዱ፤ አንድ በእበት የተለሰነ ቀፎ፣ አንድ ከጣና ዳር የመጣ አናቢም ይውሰዱ።