ግማሹ ብረት፣ ግማሹ ድንጋይ፦ የኦማን በረሃ የሰማይ እንግዳ

ሙስካት — ከርዕሰ ከተማዋ በስተ ደቡብ ምዕራብ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኪሎ ሜትሮች ርቆ የሚገኘው የጂዳት አል ሐራሲስ ሜዳ ነጣ ባለ የኖራ ድንጋይ የተነጠፈ ምድረ በዳ ነው። በዚህ ወለል ላይ ያረፈ ጥቁር ድንጋይ ከሩቅ ይለያል። ዝናቡም ጥቂት በመሆኑ ከሰማይ የወረደው ድንጋይ ቶሎ አይፈርስም። የኦማንና የስዊዘርላንድ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ በጋራ ሲያስሱ የኖሩት ስለዚህ ነው።

በሜዳው ከተገኙት መካከል «ጂዳት አል ሐራሲስ 203» የተሰኘው ሜሶሲደራይት ከሚባለው ብርቅ ወገን ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን «ግማሽ ብረት» እንደ ማለት ነው። በምድር ላይ ከታወቁት የሰማይ ድንጋዮች ይህ ወገን ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም።

የሜሶሲደራይት ግማሽ ያህሉ ካማሳይትና ቴናይት የተባሉ የብረትና የኒኬል ቅይጦች ሲሆኑ፣ ቀሪው ፓይሮክሲንና ፕላጆክሌዝ የተባሉ የድንጋይ ማዕድናት ናቸው። የብረትና የድኝ ውሁድ የሆነው ትሮይላይትም በመካከላቸው ይገኛል።

ሊቃውንቱን ያስገረመው ይህ ድብልቅ ነው። ብረቱ የአንድ ሰማያዊ አካል እምብርት፣ ድንጋዩ ደግሞ የላይኛው ቅርፊት ይመስላል፤ በሁለቱ መካከል መኖር የነበረበት ኦሊቪን ግን በጥቂቱ ብቻ ይታያል። የእንቁላል አስኳልና ቅርፊት ተደባልቀው ነጩ እንደ መጥፋት ነው። ብዙዎች ምክንያቱን ከ4.5 ቢሊዮን ዓመታት ገደማ በፊት በደረሰ ታላቅ ግጭት ያስረዳሉ። ብረቱ ከዚያ በኋላ በሚሊዮን ዓመት ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ፍጥነት መቀዝቀዙ፣ በወፍራም የድንጋይ ክምር ሥር ተቀብሮ እንደነበር ያመለክታል።

ሙስሊም አንባቢ እዚህ ላይ ሱረቱል ሐዲድን ማስታወሱ አይቀርም። የምዕራፉ 25ኛ አንቀጽ ብረት «መውረዱን» ይጠቅሳል። ከተፍሲር ሊቃውንት አንዳንዶቹ ቃሉን ቃል በቃል ሲወስዱት፣ ሌሎቹ «ፈጠርን» በሚል ተርጉመውታል፤ በሱረቱ አዝ ዙመር 6ኛ አንቀጽ ይኸው ግስ ለከብቶችም መነገሩን በማስረጃነት ያቀርባሉ። ስለዚህ የአላህን ቃል ከአንድ ድንጋይ ጋር ለማዛመድ መቸኮል አይገባም፤ በፍጥረቱ ላይ ማስተንተን ግን ራሱ ቁርኣን የሚጋብዘው ተግባር ነው።

የኦማን ሕግ የሰማይ ድንጋዮችን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። ለገንዘብ ተብሎ በድብቅ የተነሣ ድንጋይ የወደቀበት ስፍራ ሳይመዘገብ ይቀራል፤ ከየትኞቹ ስብርባሪዎች ጋር አብሮ እንደወረደም ማወቅ ያዳግታል። በበረሃው የሚሠሩ ኢትዮጵያውያንም እንዲህ ያለ ጥቁርና ከባድ ድንጋይ ቢያጋጥማቸው፣ ሳያነሡት ስፍራውን ለመንግሥት አካል ማሳወቅ የእንግድነትም የአማናም ግዴታቸው ነው።