ጠብታ የመዘገበው ዝናብ

በኢትዮጵያ መቶ ዓመት የሞላው የዝናብ መለኪያ መዝገብ ያለው ቦታ ብርቅ ነው። ምዕራብ ሐረርጌ፣ መቻራ አካባቢ ባሉ ዋሻዎች ግን የሺህ ዓመታት ዝናብ ምልክቱን ትቷል። ምልክቱን የያዘው ስታላግማይት የሚባለው፣ ከዋሻ ወለል ወደ ላይ የሚያድግ የድንጋይ ዓምድ ነው።

ዝናብ አፈር ውስጥ ሲሰርግ ከዕፅዋት ሥርና ከብስባሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዝና ደካማ አሲድ ይሆናል። በዚህ ኃይሉ የኖራ ድንጋዩን እያሟሟ ይወርዳል። ጠብታው ዋሻው ውስጥ ሲደርስ ጋዙ ያመልጣል፤ ሟሙቶ የነበረው ማዕድን ወለሉ ላይ ይረጋል። ብዙዎቹ ዓምዶች በዓመት የሚጨምሩት ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። በጋና ክረምት በግልጽ በሚለያዩበት አካባቢ አንዳንዶቹ የየዓመቱን ንብርብር ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ተሰንጥቀው ሲወለወሉም ንብርብሩ በማይክሮስኮፕ እንደ ዛፍ ቀለበት ይቆጠራል።

ቆጠራው ግን መነሻ ዓመት ይፈልጋል። እዚህ ላይ የተፈጥሮ ድንቅ አጋጣሚ ይረዳል፦ ዩራኒየም በውሃ ይሟሟል፣ ቶሪየም ግን አይሟሟም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አዲስ የረጋ ንብርብር ዩራኒየም እንጂ ቶሪየም የለውም። ዩራኒየሙ በታወቀ ፍጥነት ወደ ቶሪየም ስለሚለወጥ የሁለቱ ምጣኔ የንብርብሩን ዕድሜ ይናገራል። ሬዲዮካርቦን የተባለው ሌላው የዕድሜ መለኪያ 50,000 ዓመት ገደማ ላይ ሲያቆም፣ ይህ ዘዴ እስከ 600,000 ዓመት ይዘልቃል።

የዝናቡ ብርታት የሚነበበው በንብርብሩ ውስጥ ካለው ኦክስጅን ነው። በሞቃታማው ቀበቶ ዝናብ ሲበረታ ኦክስጅን 18 የተባለው ከባዱ ዓይነት በውሃው ውስጥ ይቀንሳል። ቻይና ውስጥ ናንጂንግ አቅራቢያ ከሚገኘውና «ሁሉ» ከሚባለው ዋሻ የተወሰዱ አምስት ስታላግማይቶች ጥናት በ2001 እ.ኤ.አ. ሲታተም፣ ከ75,000 እስከ 11,000 ዓመት በፊት የነበረው የሞንሱን ዝናብ ሩቅ ካለው የግሪንላንድ በረዶ መዝገብ ጋር አብሮ ሲለዋወጥ ታየ። ግሪንላንድ ስትቀዘቅዝ የእስያ ዝናብ ይደክም ነበር።

ንባቡ ጥንቃቄ ይሻል። ውሃ በድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ለዓመታት ሊቆይና ከሌላ ዓመት ዝናብ ጋር ሊቀላቀል ስለሚችል፣ ዛሬ የሚንጠባጠበውም መለካት አለበት። በመቻራ፣ በጥናቱ ወቅት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት አስፋወሰን አስራትና የሥራ ባልደረባቸው አንዲ ቤከር ይህን መንገድ ተከትለዋል። ከአቸሬ ዋሻ የተገኘ አንድ ዓመታዊ ንብርብር ያለው ስታላግማይት ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ዝናቡ በአሥርተ ዓመታት መለኪያ ከፍና ዝቅ ይል እንደነበር አሳይቷል። የበልግና የክረምት ዝናብ መዋዠቅ የገበሬውን እንጀራ ለሚወስንበት አገር ይህ ትልቅ እውቀት ነው። ዓምዱ አንዴ ከተሰበረ ግን በሰው ዕድሜ አይተካም፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ተመራማሪዎች ከተቻለ አስቀድሞ የወደቀውን ያነሳሉ።