ያገለገለ ጊታር፦ የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይሸጥ?

በሐዋሳ ያገለገለ አኮስቲክ ጊታር፣ ማለትም ያለ ኤሌክትሪክ በሣጥኑ ብቻ የሚጮኽ ጊታር፣ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከአምራቹ ስም በፊት የፊት ገጹን እንጨት ቢመረምር ይበጀዋል። በድምፅ ቀዳዳው ጠርዝ ላይ የእንጨቱ መስመር ሳይቋረጥ ወደ ውስጥ ከዘለቀ ገጹ ወጥ ጣውላ ነው፤ ተደራራቢ ስስ ንጣፎች ከታዩ ግን ኮምፖንሳቶ ስለሆነ ዕድሜ ብዙ ዋጋ አይጨምርለትም።

ስድስቱ የብረት ክሮች ተወጥረው በአንድነት ወደ 70 ኪሎ ግራም ገደማ ስለሚስቡ፣ ከዓመታት በኋላ ገጹ ያብጣል፣ አንገቱም ወደ ፊት ያዘነብላል፤ በዚህም የተነሣ ክሩ ከአንገቱ ገጽ እጅግ ከራቀ፣ ገዢው የጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ ማስቀነስ ይገባዋል። ክረምት ያሳበጠውን እንጨት በጋ ስለሚያኮማትረው፣ በ1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ባለችው በዚህች የሐይቅ ዳር ከተማም ስንጥቅ ለመፈተሽ የሚመረጠው ደረቁ ወቅት ነው።

ጎንና ጀርባው ብራዚል ሮዝውድ ከተባለው እንጨት የተሠራ ጊታር፣ የእንጨቱ ንግድ ከ1992 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት በጥብቅ ስለተገደበ፣ ያለ ፈቃድ ድንበር አሻግሮ መሸጥ አይቻልም፤ በእጅ ያለው ቢቀር ይሻላል። የናይሎን ክር እንዲሸከም የተሠራ ክላሲክ ጊታር ላይ የብረት ክር ታስሮ ከተገኘ ግን፣ ርካሽም ቢሆን፣ መተው ነው።