ማርሽ አልገባ ሲል፤ የባጃጅ ካምቢዮ ከመፈታቱ በፊት ነጋዴው ሊጠይቀው የሚገባ

ከመገናኛ ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ በገርጂ፥ በሰሚት፥ በጎሮና በአያት በኩል የሚያልፍ ሰው፥ ከአውራ ጎዳናው ወደ መንደር በሚገቡትና ኮብልስቶን በተነጠፈባቸው መንገዶች ላይ ከማለዳ እስከ ምሽት የሚመላለሱትን ባለሦስት እግር ተሽከርካሪዎች ሳያይ አያልፍም። ሠራተኛው ወደ ታክሲ መሳፈሪያ፥ ተማሪው ወደ ትምህርት ቤት፥ ባለሱቁም ከነሸቀጡ ወደ ሱቁ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ በእነርሱ ነው። በየካቲት ወር 2015 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር አገልግሎታቸውን ለጊዜው ባገደ ጊዜ፥ ሕዝቡ ምን ያህል በእነርሱ ላይ ተደግፎ ይኖር እንደ ነበር በግልጽ ታይቷል።

ይህችው ተሽከርካሪ አንድ ቀን ስትቆም የሚጎዳው ተሳፋሪው ብቻ አይደለም። ሾፌሩ የዕለት ገቢውን ያጣል፤ ባለንብረቱም በየማታው ይጠብቀው የነበረው ገንዘብ ይቀርበታል። ብዙ ጊዜ ከሚያቆሟት ብልሽቶች አንዱ ደግሞ የማርሽ አልገባም ማለት ነው። ሾፌሩ ይህን ባየ ጊዜ «ካምቢዮው ተበላ» ብሎ ወደ መለዋወጫ መደብር ይሮጣል፤ ነጋዴውም የተጠየቀውን ጥርስ ከመደርደሪያው አውርዶ ይሸጣል። ሞተሩ ወርዶ፥ ካምቢዮው ተፈትቶ፥ አዲሱ ጥርስ ገብቶ ሲገጠም ግን ብልሽቱ እንደ ነበረ ሆኖ ይገኛል። ምክንያቱም ጉዳቱ ከመጀመሪያውም በካምቢዮው ውስጥ አልነበረም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነጋዴው ዕቃውን ከመሸጡ በፊት በጥቂት ጥያቄዎች የብልሽቱን ሥፍራ ለይቶ እንዲያውቅ መርዳት ነው።

ማርሹ እንዴት እንደሚሠራ

በመጀመሪያ የተሽከርካሪዋን አሠራር ማስታወስ ይጠቅማል። ሞተሩና ካምቢዮው ያሉት በስተኋላ ነው፤ የማርሽ መለወጫው ግን በፊት በመሪው ላይ፥ በግራ እጅ በኩል ይገኛል። ሾፌሩ የፍሪሲዮኑን ዘንግ በጣቶቹ ጨብጦ፥ በዚያው እጁ እጀታውን በማዞር ከዜሮ ማርሽ እስከ አራተኛ ይለውጣል። ለኋላ ማርሽ ሌላ ዘንግ ተለይቶ ተሠርቶለታል። ይህ በእጅ የሚዞር ማርሽ ከጣሊያኑ የፒያጆ ፋብሪካ የመጣ ልማድ ነው። ፋብሪካው እ.ኤ.አ. በ1946 ቬስፓን፥ በ1948 ደግሞ አፔ የተባለችውን ባለሦስት እግር አወጣ፤ የሕንዱ ባጃጅ ኩባንያም በኋላ ከፒያጆ ፈቃድ አግኝቶ ማምረት ጀመረ።

እንግዲህ የሾፌሩ እጅ ከካምቢዮው ጋር በቀጥታ አይገናኝም። በመካከላቸው መልእክተኞች አሉ፤ እነርሱም ከወለሉ ሥር ተዘርግተው ወደ ኋላ የሚሄዱት ገመዶች ናቸው። አንዱ የፍሪሲዮን ነው። ሁለቱ የማርሽ ናቸው፤ እጀታው ወደ አንድ ወገን ሲዞር አንደኛው ይስባል፥ ወደ ሌላው ሲዞር ሁለተኛው ይስባል። ከእነዚህ አንዱ ቢላላ፥ ቢዝግ ወይም ክሮቹ ቢበጠሱ፥ ካምቢዮው ምንም ጤነኛ ቢሆን ትእዛዙ በትክክል አይደርሰውም። በከተማችን ምሥራቅ ደግሞ የበጋው አቧራና የክረምቱ ጭቃ ወደ ገመዱ ሽፋን ይገባል፤ ኮብልስቶኑ ሲያነጥር ማስተካከያው ይላላል፤ በየመቶ ሜትሩ እየቆሙ ተሳፋሪ ማንሣትም ፍሪሲዮኑን ያለ ዕረፍት ያሠራዋል። ስለዚህ በዚህ ሠፈር ከጥርሱ ይልቅ ገመዱ አስቀድሞ ቢያረጅ አያስገርምም።

ያለ ገንዘብ የሚደረግ ምርመራ

ተሽከርካሪዋ በደልዳላ ሥፍራ ትቁም፤ ሞተሩ ይጥፋ። ከዚያ አንድ ሰው በዝግታ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየገፋት፥ ሾፌሩ ፍሪሲዮኑን ጨብጦ ማርሾቹን በተራ ያስገባ። መግፋቱ የሚያስፈልገው በውስጥ ያሉት ጥርሶች ፊት ለፊት ሲገጣጠሙ ጤነኛው ማርሽ እንኳ እንቢ ሊል ስለሚችል ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ማርሾቹ ሁሉ የሚገቡ፥ ሞተሩ ሲነሣ ግን የሚንኳኩና የማይገቡ ከሆነ፥ ጥፋቱ የፍሪሲዮኑ ነው፤ ይኸውም ሙሉ በሙሉ አይለቅም ማለት ነው። እንዲህ በሆነ ጊዜ የፍሪሲዮኑ ገመድ መላላቱን፥ በተለይም በዘንጉ ጫፍ ባለችው እንክብል አጠገብ ክሮቹ መበጣጠሳቸውን ማየት ነው። በዘንጉ ላይ ሊኖር የሚገባው ባዶ እንቅስቃሴ ዘወትር ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ትክክለኛው ልክ በፋብሪካው መመሪያ ተጽፎ ይገኛል።

ሞተሩ ጠፍቶም ማርሹ የማይገባ ከሆነ ወደ ማርሽ ገመዶቹ እንሂድ። መካኒኩ ሁለቱን ገመዶች ከካምቢዮው ጫፍ ያላቅቃቸውና የካምቢዮውን መለወጫ በእጅ ወይም በመፍቻ ያዙረው። ማርሾቹ በጥራት የሚገቡ ከሆነ ካምቢዮው ደኅና ነው፤ የሚለወጠው ገመዱ ወይም የእጀታው ክፍል ነው። በዚህ ሁኔታ እንኳ የማይገቡ ሲሆን ብቻ ካምቢዮውን መፍታት ተገቢ ይሆናል። ገመድ መለወጥ ከግማሽ ቀን የማያልፍ ሥራ ሲሆን፥ ካምቢዮ መፍታት ግን ሞተሩን ማውረድ የሚጠይቅና ቀናት ሊወስድ የሚችል ነው።

ማርሹ ገብቶ በጉዞ ላይ የሚወጣ ከሆነም አስቀድሞ የሚታየው የገመዶቹ አስተካከል ነው። አንደኛው ከመጠን በላይ ሲጠብቅ ሁለተኛው ይላላል፤ በእጀታው ላይ የሚታየው ቁጥርና በውስጥ ያለው ማርሽ አይስማሙም፤ ማርሹም በግማሽ ገብቶ ይቀራል። ገመዶቹ በትክክል ተስተካክለውም የሚወጣ ከሆነ ግን የማርሽ ሹካው ታጥፏል፥ ወይም የጥርሱ ጫፍ ተበልቷል፤ ያን ጊዜ የውስጡን ዕቃ መሸጥ እውነተኛ አገልግሎት ነው። በግማሽ ገብቶ የሚሠራ ማርሽ ሳይስተካከል በቆየ ቁጥር ጥርሱን ይበላዋል፤ ዛሬ በአንድ ዳዶ መጠምዘዝ የሚድነው ነገር በኋላ ሙሉ ካምቢዮ ያስጠይቃል። «ሳይርቅ በቅርቡ፥ ሳይደርቅ በርጥቡ» የተባለው ለዚህ ያገለግላል።

የኋላ ማርሽን በሚመለከት አብዛኛው ጥፋት የአነዳድ ነው። ተሽከርካሪዋ ፈጽማ ሳትቆም የኋላ ማርሽ የሚያስገባ ሾፌር፥ የተሠራለትን ማርሽ በእጁ ይሰብረዋል። ለዚህ ሾፌር ዕቃውን ብቻ ሸጦ ምክሩን መንፈግ፥ በቅርቡ ለተመሳሳይ ኪሳራ አሳልፎ መስጠት ነው።

የዘይት ነገር

ሌላው ቅሬታ፥ ማርሹ በሚገባ ገብቶ ሞተሩ እየጮኸ ተሽከርካሪዋ ግን አልጎትት ማለቷ ነው። ይህ በተለይ በዳገትና በጭነት ጊዜ ይታያል። ትርጉሙም ፍሪሲዮኑ ይንሸራተታል ማለት ነው። ገመዱ ከመጠን በላይ ተወጥሮ ባዶ እንቅስቃሴ ካጣ፥ ፍሪሲዮኑ ዘወትር እንደ ተጨበጠ ሆኖ ሸራው ይቃጠላል።

ሁለተኛው ምክንያት ለአስመጪዎች በቀጥታ የሚነገር ነው። በባለ አራት ምት ባጃጅ የፍሪሲዮኑ ሸራ የሚሠራው በዘይት ውስጥ ተነክሮ ነው፤ ያው የሞተሩ ዘይት ፍሪሲዮኑንም ያጥባል። ለቤት አውቶሞቢል ከተሠሩት ዘይቶች አንዳንዶቹ ነዳጅ ለመቆጠብ ሲባል ሰበቃን የሚቀንስ ቅመም የተጨመረባቸው ናቸው፤ እነዚህ ዘይቶች ለመኪናው መልካም ሲሆኑ የባጃጁን ሸራ ግን ያንሸራትቱታል። ጃፓኖች ይህን ለመለየት «ጃሶ» የተባለውን ደረጃ እ.ኤ.አ. በ1998 አውጥተዋል። «ኤም ኤ» የሚል ምልክት ያለው ዘይት በዘይት ውስጥ ለሚሠራ ፍሪሲዮን የተስማማ ነው፤ «ኤም ቢ» የሚለው ግን ሰበቃው ዝቅ ያለ ስለ ሆነ ለዚህ ዐይነት ፍሪሲዮን አይመከርም። ስለዚህ የዘይት ትእዛዝ ሲጻፍ የውፍረቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ይህንንም ምልክት መጥቀስ ያስፈልጋል። በችርቻሮ የሚሸጠውም ሰው ከበርሜል እየቀዳ ምልክት የሌለው ዘይት ከመስጠት ይቆጠብ።

በስሙ የሚመጣ ስሕተት

በአገራችን «ባጃጅ» የሚለው የአንድ ኩባንያ ስም ለባለሦስት እግር ተሽከርካሪ ሁሉ የወል ስም ሆኗል። ስለዚህ ቲቪኤስ የሚነዳው ሰው እንኳ ወደ ሱቅ መጥቶ የሚጠይቀው «የባጃጅ ገመድ» ብሎ ነው። በአንዱ ኩባንያ ውስጥም ባለ ሁለት ምትና ባለ አራት ምት፥ የቤንዚንና የናፍጣ ሞተሮች አሉ፤ ዕቃዎቻቸውም አንድ አይደሉም። በጥቂት ሴንቲሜትር የረዘመ ገመድ ሊገጠም ይችላል፤ ነገር ግን ማስተካከያው አይበቃውም፤ በጥቂቱ ያጠረውም መሪው ሲታጠፍ ይወጠርና ማርሹን ያስወጣል። ሶማሌ ተራ ድረስ ወርዶ ዕቃ የሚያመጣው የሠፈር ባለሱቅም ሆነ ከፋብሪካ የሚያዘው አስመጪ፥ በማሸጊያው ላይ የተጻፈውን የዕቃ ቁጥር ከተሽከርካሪዋ ዐይነት ጋር ማመሳከር አለበት። አሮጌውን ገመድ አስመጥቶ ከአዲሱ ጎን ዘርግቶ መለካትም ቀላልና አስተማማኝ ዘዴ ነው።

ይህ ጥንቃቄ ዛሬ ከቀድሞው ይልቅ ዋጋ አለው። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ ከዚያ በፊት በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። ያለ ፍላጎት የተለወጠ አንድ ካምቢዮ ለባለንብረቱ ኪሳራ፥ ለአገርም የባከነ ምንዛሪ ነው። አስመጪውም ቢሆን ገንዘቡን በከባድ ጥርሶች ላይ አስሮ ከሚቀመጥ፥ ቶሎ ቶሎ የሚሸጡትን ገመዶች፥ ማስተካከያዎች፥ የፍሪሲዮን ሸራና ትክክለኛ ዘይት አሟልቶ ቢይዝ ገንዘቡ ፈጥኖ ይመለስለታል። ማርሽ የማይለወጥባቸው የኤሌክትሪክ ባለሦስት እግሮችም ወደ ገበያው እየገቡ ስለ ሆነ፥ ለብዙ ዓመት የሚበቃ የካምቢዮ ዕቃ ማከማቸት አሳሳቢ ነው።

በመሸጫው ጠረጴዛ ላይ

በመጨረሻም አራት ጥያቄዎች ተጽፈው በመሸጫው ጠረጴዛ አጠገብ እንዲሰቀሉ እናሳስባለን። 1ኛ፥ የተሽከርካሪዋ ኩባንያና የሞተሯ ዐይነት ምንድን ነው? 2ኛ፥ ሞተሩ ጠፍቶ እየተገፋች ማርሹ ይገባል ወይስ አይገባም? 3ኛ፥ ገመዶቹ ተላቀው ካምቢዮው ለብቻው ተሞክሯል ወይ? 4ኛ፥ በቅርብ ጊዜ የተጨመረው ዘይት ምን ምልክት ያለው ነው? ሾፌሩ ለሁለተኛውና ለሦስተኛው መልስ ከሌለው፥ የካምቢዮ ዕቃ ከመሸጥ በፊት ሄዶ እንዲሞክር መላክ ይገባል።

በዚህ ምክንያት ነጋዴው የዚያን ዕለት ትልቁን ሽያጭ ሊያጣ ይችላል። ነገር ግን በአንድ ገመድ ዋጋ ተሽከርካሪው ተጠግኖለት ከቀትር በኋላ ወደ ሥራው የተመለሰ ሾፌር፥ በመሳፈሪያው ለተሰለፉት ባልደረቦቹ የሱቁን ስም ሳይነግር አይውልም፤ እርሱም ለዘይቱ፥ ለጎማውና ለፍሬን ሸራው ተመልሶ የሚመጣው ወደዚያው ሱቅ ነው። የክረምቱ ጭቃ ገመዶቹን ከመያዙ በፊት፥ በግንቦት ወር ውስጥ ይህን ልማድ የጀመረ ነጋዴ ጥቅሙን በሰኔና በሐምሌ ያየዋል።